ምላሴ

«የሠራችውን አትቀምስም።»

ይህን ትል የነበረችው የኬክ ቤቱ ካሸር ናት። በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ሁሉም «ሬዲዮ» ነው የሚላት፣ መዝጊያው የተነቀለ ሬዲዮ። ደንበኛው ከፍሎ መልስ እስኪቀበል ባለችው ቅንጣት ጊዜ ባንኮኒው ላይ ደገፍ ትልና፣ «ያቺን ጓዳ ያለችውን ጋጋሪ ልብ ብለው አይተዋት ያውቃሉ? የሠራችውን አትቀምስም» ትላለች። መጀመሪያ ወሬው ይኸው ብቻ ነበር። ሰነባብቶ ጅራት አበቀለ፤ «ትጸየፈዋለች» ተባለ። ከዚያ «ሐኪም ከልክሏት ነው» ተባለ። በመጨረሻ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ «የሠራውን የማይቀምስ ሰው እኮ ምን እንደጨመረበት ስለሚያውቅ ነው» ተባለ።

ጋጋሪዋ እናቴ ነች።

ወሬው እውነት መሆኑን ከሬዲዮ በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ያልገባሁ፣ የፊት ጥርሶቼ የወለቁ ልጅ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የምውለው ጓዳው ውስጥ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። እማዬ ክሬም ስትመታ አይቻለሁ፤ ማርማላታ ስታፈላ አይቻለሁ፤ ጣቷን ስትልስ ግን አይቼ አላውቅም። ትታጠባለች እንጂ አትልስም። ምክንያቱንም የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ምክንያቱ እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ማንኪያ ለእኔ፣ ሁለተኛውንም ለእኔ ስትል ለራሷ ሳይተርፋት ይቀራል። ስለዚህ የሬዲዮን ወሬ በሰማሁ ቁጥር ደረቴ ይነፋ ነበር። እንዴት እንደምወደድ የሚነገር ማስታወቂያ ነበር የሚመስለኝ።

ምን ምን ይደርሰኝ እንደነበር እስቲ ልናገር። ምራቃችሁን ላስውጣችሁ ብዬ አይደለም። ደግሞ ለምን እዋሻለሁ፤ እሱም አለበት።

መጀመሪያ ጠርዝ አለ። ኬክ ከምድጃ ሲወጣ ዳር ዳሩ ይጠቁርና ትሪው ላይ ሙጭጭ ይላል። ደንበኛ ደግሞ ገበታ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቀመጥ ኬክ ነው የሚፈልገው፤ እማዬ በረጅሙ ቢላዋ ዳሩን ትከረክመዋለች። የተከረከመው ጋዜጣ ላይ ይጠቀለልና ወደ ጆንያዬ ይመጣል። ጠርዝ ላዩ እንደ ብስኩት ኮሽ ይላል፤ ውስጡ ገና እንፋሎት አለው፤ ሥሩ ላይ ደግሞ ስኳሩ ቀልጦ ተመልሶ የጠጠረበት ቦታ አለ፣ እሱን ፈልጎ ያገኘ ሰው ሌላ ሀብት አያስፈልገውም። እስከ ዛሬ ድረስ የኬክ መሃሉን የሚመርጥ ሰው ሳይ አስተዳደጉን እጠራጠራለሁ።

ከዚያ ድስት ሥር የሚቀር የተቃጠለ ስኳር አለ። እማዬ በማንኪያ ጀርባ ቋ ስታደርገው እንደ መስታወት ይሰነጠቃል። ስባሪውን ጉንጬ ውስጥ ወትፌ ዝም እላለሁ፤ በቀን ውስጥ ዝም የምልባት ብቸኛ ሰዓት ይቺ ነበረች። የብርቱካን ልጣጭ በስኳር ተቀቅሎ ሽቦ ላይ ሲሰጣም አለ፤ ጓዳውን የሚሞላው ሽታ በልብሴ ገብቶ እስከ አልጋዬ ድረስ አብሮኝ ይተኛ ነበር። እሑድ ደግሞ የቤታችን ድግስ ነው። የምንኖረው እዚያው ከኬክ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነበር፤ ከሥራው ጋር የተሰጠችን። እማዬ ያደረ ዳቦ ትቆራርጥና ትኩስ ወተት ታጠጣዋለች፣ መጥበሻ ላይ በቅቤ ግራ ቀኙን ታገላብጠዋለች፣ ስኳር ትነሰንስበታለች። ስኳሩ ሳይቀልጥ መብላት፣ ጥርስ ሥር ሲንኮሻኮሽ። እሷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ አገጯን በመዳፏ ደግፋ ታየኛለች።

«አንቺስ?»

«እኔ ጠግቤያለሁ።»

የድሃ ልጅ ሁሉ ይህን ታሪክ ያወራል። እናቱ ሳትበላ «ጠግቤያለሁ» ስትለው፣ አድጎ ሲገባው፣ ሲያለቅስ። እኔም አውርቼዋለሁ፤ ሰውም አስለቅሼበታለሁ። ግን የእኔ ቤት ታሪክ ሌላ ነው። ለሁለታችን የሚበቃ ዳቦ ነበረን። እማዬ ያልበላችው ዳቦው አፏ ውስጥ ሲገባ እርጥብ ጨርቅ ስለሚሆንባት ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በትኩሳት ተኝታ ነበር። የማስታውሰው አክስቴ መጥታ ራስጌዋ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ስትልጥላት ነው። እማዬ አንዷን ክፋይ አፏ ውስጥ ከተተች፤ አላመጠች፤ አቆመች። ከዚያ እንባዋ በጉንጯ ዝም ብሎ ይወርድ ጀመር።

«ምነው?» አለች አክስቴ።

«ጎመዘዘኝ።»

እኔ የተባለውን ለማጣራት የቀረውን ብርቱካን እስከ መጨረሻው በላሁት። ማር ነበር። የታመመ ሰው ይበሳጫል ብዬ አለፍኩት። ትኩሳቱ ሲለቃት ምላሷንና አፍንጫዋን ይዞባት እንደሄደ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ያን ጊዜ እሷ ለማንም አልተነፈሰችም፤ የማትተነፍስበትም ምክንያት ነበራት።

የኬክ ቤቱን ባለቤት ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። አንድ የሚወዷት ቀልድ ነበረቻቸው፤ ቀልድም አትባል፣ በእውነት የሆነች ነገር ናት። ከእማዬ በፊት የነበረውን ጋጋሪ ሲጋራ ምላሱን በልቶበት ጣዕም መለየት አቅቶት ነበር፤ ያወቁ ዕለት አባረሩት። ይህን ለመጣ ለሄደው ያወሩና፣ «ምላስ የሌለው ጋጋሪ ዓይን የሌለው ሹፌር ነው፤ ሰው ይጨርሳል» ብለው ይስቃሉ። እማዬም ከሰዉ ጋር አብራ ትስቅ ነበር። ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

ሥራው ከሄደ ክፍሏም ትሄዳለች። ከክፍሏ ወዲያ ደግሞ መንገድ ነው ያለው። ይህን እሷ ታውቃለች፤ እኔ የማውቀው ጠርዝ ጣፋጭ መሆኑን ነው።

«ነይ ቅመሺልኝ» ትለኛለች፣ ማንኪያውን ከታች በመዳፏ ደግፋ። እናት ሁሉ እንዲህ ትላለች፤ ብዪልኝ፣ ጠጪልኝ፣ ተኚልኝ። «ልኝ» ማለት ማባበያ ናት፣ አፍ ላይ የምትደረግ ቅባት። እኔም በቅባትነቷ ነበር የምቀበላት። እማዬ ግን እያባበለችኝ አልነበረም። ቃሉ የሚለውን ነበር የምትለው፤ ስለ እኔ፣ በእኔ ፋንታ ቅመሺ።

ስቀምስ ደግሞ እንደ ሌላው እናት «ጣፈጠሽ?» አትልም።

«ጣፍጧል» ብላት ትቆጣለች። «ጣፍጧል መልስ አይደለም። ለራበው ሰው ሁሉም ይጣፍጠዋል። የቱ ቀድሞ መጣ?»

«ሎሚው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ስኳሩ እየሮጠ መጣ፤ ግን አልደረሰበትም።»

«ስኳር ይጨመር?»

«አይ፣ ሎሚው ቀስ ይበል።»

እማዬ ሳትስቅ፣ እንደ ሐኪም ጭንቅላቷን እየነቀነቀች፣ ያልኳትን ታደርጋለች። ጣዕም ስም ስለሌለው እኔ ስም አወጣለት ነበር። የሚያኮርፍ ክሬም ነበር፤ አፍ ውስጥ ገብቶ ዝም የሚል። የሚዋሽ ኬክ ነበር፤ ጋሼ ቅቤውን አስቀርተው ማርጋሪን የላኩ ቀን ነው እሱ፣ ሲሸት ቅቤ ሲቀመስ ሻማ። ቫኒላ የበዛበት «ሽቶ ተቀብቶ ሠርግ ቤት የመጣ» ነው። ዛሬ ጽሑፌን ያነበበ ሰው «ቃላቱን ከየት አገኘሻቸው?» ሲለኝ ከምድጃ ነው እላለሁ። ቀልድ ይመስለዋል።

ሌላ ስም አልነበረኝም፤ እማዬ «ምላሴ» ነበር የምትለኝ። «ምላሴ ነይ፤ ምላሴ የት ነሽ፤ ምላሴ ተነሺ ነጋ።» ሰፈሩ ሁሉ ለምን እንደሆነ ያወቀ ይመስለዋል፤ ወሬኛ ነበርኩ፣ ለትልቅ ሰው መልስ የምሰጥ፣ ጥርስ የሌለኝ ጥርሰኛ። እኔም በስድብ መልክ ነበር የያዝኩት። አንድ ቀን እንዲያውም፣ «ሌላው ልጅ ማሬ፣ ሆዴ፣ ዓይኔ ይባላል፤ እኔ ለምን ምላስ ሆንኩ?» ብዬ አኮረፍኩ። እማዬ እጇን ከሊጡ አውጥታ በክርኗ ወደ ራሷ አስጠጋችኝ፤ «ዓይንማ አለኝ» አለች።

ታዲያ ሬዲዮ ወሬዋን ለምን እንዳበዛች ልንገራችሁ። ክፋት አይደለም፣ የሥራ ባሕርይ ነው ለማለት ብዙ ሞክሬያለሁ፤ አልተሳካልኝም። እህት ነበረቻት፤ እህቲቱ ደግሞ መጋገር ትችላለች። ይኸው ነው። ወሬው «የጨመረችበት ነገር አለ» ሲል ለልጇ ልደት ኬክ ያዘዘች አንዲት ሴት መጥታ ትእዛዟን አፈረሰች። በማግስቱ ሁለት ትሪ ሙሉ ኬክ ሳይነካ ዋለ። ጠርዝ በላይ በላዩ መጣልኝ፤ ጥጋብ ነበር። እማዬ ከትሪዎቹ ፊት ቆማ ትክ ብላ ስታያቸው፣ እሷም ከእኔ ጋር ደስ ያላት መስሎኝ አጨበጨብኩ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ጋሼ ጓዳ ገቡ። ጓዳ አይገቡም ነበር፤ ዱቄቱ ጥቁር ኮታቸውን ይለክፍባቸዋል። የዚያን ቀን ግን በሁለት እጃቸው ጎድጓዳ ሳህን ይዘው፣ እንደ ሙሽራ አጃቢ ቀስ ብለው ገቡ። ሳህኑ ውስጥ ነጭ ክሬም አለ። ሬዲዮ ገንዘብ መቀበያዋን ትታ የበሩ መቃን ላይ ተደግፋለች። ከትከሻዋ ኋላ ሁለት ደንበኞች አንገታቸውን አስግገዋል።

«ነይ እስቲ እህቴ» አሉ ጋሼ። «ሰው ያወራል።»

«ምን ይላል ጋሼ?»

«የሠራችውን አትቀምስም ይላል። እኔ አላመንኩም። ግን ኬክ ቤት የሚኖረው በሰው አፍ ነው፤ በሚበላውም በሚያወራውም። ጠዋት ከመታሽው ክሬም ነው ይሄ። አንድ ማንኪያ ቅመሺ፣ እንዴት እንደሆነ በይ፣ ሰዉም ይስማና እንገላገል።»

«እኔ እኮ ምንም አላልኩም» አለች ሬዲዮ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

እማዬ እጇን በሽርጧ ጠረገች። አንዱን ጠርጋ ሁለተኛውን ጠረገች፤ ተመልሳ የመጀመሪያውን ጠረገች። ማንኪያውን ተቀብላ ክሬሙ ውስጥ ነከረች። ልታደርገው ያሰበችውን ዛሬ አውቀዋለሁ፤ አፏ ውስጥ ትከታለች፣ ትውጣለች፣ «ደህና ነው» ትላለች። ሌላ ምን ትላለች? የመታችው ክሬም ነው፣ እኔ ጠዋት ቀምሼላታለሁ፣ ደህና ነበር።

እኔ ግን ጆንያዬ ላይ ሆኜ የማየው ሌላ ነገር ነው። ሕግ ሲጣስ ነው የማየው። የመጀመሪያው ማንኪያ የእኔ ነው፤ ይህ ከተጻፈ ሕግ በላይ የጸና ነው። አሁን ሰው ተሰብስቦ፣ ጋሼ ኮት ለብሰው ስለመጡ ብቻ፣ የእኔ ማንኪያ ወደ ሌላ አፍ ሊሄድ ነው። ከጆንያው ዘለልኩ። የእማዬ እጅ አንጓ ላይ ተንጠለጠልኩና ማንኪያውን በቁሙ ዋጥኩት።

እንትፍ ያልኩት የጋሼ ጫማ ላይ ነው።

«ጨው ነው» አልኩ። «እማዬ እንዳትበዪው፣ ጨው ነው። ስኳር የሚባል የለውም። ክሬሙ አብዷል።»

እማዬ ወደ እኔ አላየችም። ማንኪያውን እንደገና ነከረች፤ ሞላ አድርጋ አፏ ውስጥ ከተተች፤ ጉንጯን አንዴ አንቀሳቀሰች፤ ፊቷን ጭምድድ አድርጋ መታጠቢያው ላይ ተፋችው። ከዚያ ዞር ብላ ወገቧን ያዘች።

«ጋሼ፣ እኔ የመታሁት ክሬም ይሄ አይደለም። ይሄ ባሕር ነው። ማን ነው በእጄ ሥራ የሚቀልደው?»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፊታቸው ከአንገታቸው ጀምሮ ቀላ። «እኔ ነኝ» አሉ። «ማለቴ... እሷ ናት በጨው ትፈተን ያለችኝ።»

ሁሉም ወደ ሬዲዮ ዞረ። ከደንበኞቹ አንዱ ፈርጠም ያለ ሰውዬ ነበር፤ መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። «ካሸሯ ናት እንዴ ኬካችን ላይ ነገር የምትጨምርብን?» አለ። ከዚያ በኋላ ሳቁን የሚያቆመው ጠፋ። ሬዲዮ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው፤ በሕይወቷ እንደዚያ ስታደርግ ያየኋት የዚያን ዕለት ብቻ ነው።

ጋሼ በመሐረባቸው ጫማቸውን እየጠረጉ፣ «ልጅሽ ግን ሥርዓት የላትም» አሉ።

«ምን ላድርጋት ጋሼ» አለች እማዬ። «ምላሴ ናት።»

ይባስ ብለው ሳቁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እውነቱን ፍርጥ አድርጋ ተናገረች። የሰማት የለም። እኔም ልመታ ነው ብዬ በሽርጧ ውስጥ ተሸሽጌ ነበር።

አልተመታሁም። ሽርጧን ፈታች፣ እጄን ይዛ ወጣች፤ በሥራ ሰዓት ወጥታ አታውቅም። ሁልጊዜ በመስኮቱ ብቻ ወደምናልፈው አይስክሬም ቤት ገባን። ባለ ሁለት ቀለም አስሞላችልኝ፤ በአጥር ግንብ ላይ ተቀምጠን እየቀለጠ በክርኔ ሲወርድ በላሁት። «ቅመሺልኝ» አላለችኝም። «የቱ ቀድሞ መጣ» አላለችኝም። «ብዪ» ብቻ ነው ያለችኝ። ብዙ ነገር በልቼ አውቃለሁ፤ ያለ ፈተና የበላሁት ግን የዚያን ቀኑን ብቻ ነው። ጣዕሙ ምን እንደነበር ብትጠይቁኝ አላስታውስም። ማንም ስላልጠየቀኝ አልያዝኩትም።

የወሰድኩት ትምህርት መትፋት ያሸልማል የሚል ነበር። በቀጣዩ ሳምንት አክስቴ ቤት ስንሄድ የቀረበልኝን ሻይ ስጋጃው ላይ ተፋሁት። የተሸለምኩት ቁንጥጫ ነው።

ነገሩን ያወቅሁት አንደኛ ክፍል ከገባሁ በኋላ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ክፍላችን በጭስ ታፍናለች። ምድጃው ላይ የተጣደ ወተት ገንፍሎ፣ አልቆ፣ ድስቱ ራሱ ቀልቷል። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ ካልሲዬን ትጠግናለች፤ ታንጎራጉራለች። ስጮህ ደንግጣ ቀና አለች። ጭሱን በዓይኗ ካየችው በኋላ ነው የተነሳችው።

መስኮቱን ከፍተን፣ ድስቱን ውጭ አውጥተን፣ አልጋው ላይ አስቀመጠችኝ። «ከትኩሳቱ ወዲህ አፌም አፍንጫዬም የሉም» አለችኝ። «ጋሼ ከሰሙ መንገድ ላይ ነን። ላንቺ ነው የነገርኩት፣ ለአክስትሽ እንኳን አልነገርኩም።»

ብዙ አሰብኩ። «ታዲያ ዳቦው ምን ይልሻል?»

«ምንም አይለኝም።»

«ጠርዝስ?»

«አንቺ የምትይኝን ነው የሚለኝ።»

ሌላ ልጅ ቢሆን ቅር ይለው ነበር መሰለኝ። ለካስ ያ ሁሉ ማንኪያ ለፍቅር አልነበረም ይላል። እኔ ግን ያን ቀን ከመሬት ከፍ አልኩ። መወደድ ደስ ይላል፤ መፈለግ ግን ያኮራል። እኔ ደግሞ ኩራት ያለበት ሳህን ከቀረበልኝ ሌላውን አልነካም። ከዚያ ወዲያ ጆንያዬ ላይ ስቀመጥ እንደ ዳኛ ነበር የምቀመጠው። ጠዋት ሳልቀምስ ኬክ አይወጣም፤ ስለዚህ ክፍል የምደርሰው ደወል ከተደወለ በኋላ ነው። መምህሬ «የት ነበርሽ?» ሲሉኝ «ሥራ ላይ» እላለሁ፤ ክፍሉ ይስቃል፤ እኔም እንዳልሰማ እቀመጣለሁ። ምስጢር ያለው ሰው መሳቂያ መሆን አይከብደውም።

ያመለጠኝን ትምህርት ከመጠቅለያ ወረቀት ነው የተማርኩት። ጋሼ አሮጌ ጋዜጣና መጽሔት በክምር ይገዙ ነበር። ኬክ ሳይጠቀለልበት በፊት አነበዋለሁ፤ ፖለቲካውን፣ የሞት ማስታወቂያውን፣ በተከታታይ የሚወጣውን ልቦለድ። መጨረሻውን የያዘው ገጽ ሁልጊዜ በሰው ኬክ ላይ ተጠቅልሎ ይሄዳል። እኔም ጆንያዬ ላይ ሆኜ መጨረሻውን በራሴ እፈጥርለታለሁ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ሰዎች «የት ተማርሽ?» ሲሉኝ ይሄን እነግራቸዋለሁ፤ ከሚያዝኑልኝ በላይ እኔ አዝንላቸዋለሁ።

ዓመት ዓመትን ሲተካ እማዬ ስህተት እየጠፋባት መጣ። «ምን ቀረው?» ትለኛለች፤ «ምንም» እላታለሁ፤ «እኔም መስሎኝ ነበር» ትላለች። አስተምሬያታለሁ ብዬ ነበር የማስበው። ዓይኗና እጇ ከእኔ ምላስ ተምረው እዚህ ደረሱ እያልኩ በልቤ እንደ መምህር እረካባት ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ጨረስኩ። የሰፈራችን ትምህርት ቤት እዚያ ላይ ያበቃል። አክስቴ ነርስ ነበረች፤ ትልቅ ከተማ ተዛውራ፣ ከአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጥር ጋር የሚዋሰን ቤት ተከራይታ ነበር። ልትወስደኝ መጣች። አልጋ ገዝታልኛለች፤ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እንዳለው፣ መጻሕፍቱም ከነመጨረሻቸው እንደሆኑ ነገረችኝ። የመጨረሻዋን ነገር እያወቀች ነው ያለችው።

ያን ሌሊት ስለ ቤተ መጻሕፍቱ አሰብኩ። አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። ጠዋት ግን ተነስቼ፣ «አልሄድም» አልኩ።

«ለምን?» አለች አክስቴ።

«አልፈልግም።»

«ክሬም እየላስሽ ልታረጂ ነው? ይሄን ጭንቅላት ይዘሽ? አንቺ ደግሞ ዝም ትያለሽ» አለች ወደ እማዬ ዞራ። «እናቷ ነሽ፣ አንድ ነገር በያት እንጂ።»

እማዬ ጀርባዋን ሰጥታን ዕቃ ታጥባለች። ውሃው ይወርዳል። ለረጅም ጊዜ አንድ ሳህን ብቻ አሸች።

«እሷ ታውቃለች» አለች።

ስለዚያች ቃል ወደድኳት። እናቴ ዝምታዬን ተረድታ፣ ምስጢራችንን ጠብቃ፣ ውሳኔዬን እንደ ትልቅ ሰው ያከበረችልኝ መስሎኝ ነበር። አክስቴ ሻንጣዋን አንስታ፣ እኔን ሳታይ እሷን ስማ ሄደች። እኔም ጓዳ ገብቼ የጠዋቱን ክሬም ቀመስኩ። ምንም አልጎደለውም ነበር።

ጋሼ አርጅተው ሱቁን ከሸጡት ቆየ፤ ዛሬ ስልክ ይሸጥበታል። እኔ ትንሽ ኬክ ቤት አለችኝ፤ ቀን እጋግራለሁ፣ ሱቁ ሲዘጋ እጽፋለሁ። እማዬ ጉልበቷ ስለሚያማት መቆም አትችልም፤ ጓዳዬ ውስጥ ወንበር አስቀምጬላታለሁ፣ ተቀምጣ እንቁላል ትሰብርልኛለች፣ ታዝዘኛለች።

ባለፈው እሑድ አክስቴ ልትጠይቀን ትመጣ ስለነበር የብርቱካን ኬክ ሠራሁ። ብርቱካኑ የሰነበተ ነበር። እሑድ ገበያ ስለማይገኝ፣ ማንም አያውቀውም ብዬ በስኳር ሸነገልኩት። ሊጡን ወደ ትሪው ገልብጬ ምድጃ ከተትኩና ሳህኑን አጠገቧ አስቀመጥኩት። እማዬ እንቁላሏን ትታ ሳህኑን በጣቷ ጠረገች፤ ጣቷን ላሰች።

«ብርቱካኑ ያደረ ነው» አለች። «ምሬቱ ወጥቷል።»

የምድጃውን በር ይዤ ቆምኩ። «ምን አልሽ እማዬ?»

«ብርቱካኑ ነዋ። አክስትሽ ደግሞ ምላሷ ክፉ ነው፣ ትነቃብሻለች።»

«በምን አወቅሽ?»

እንደ ሞኝ አየችኝ። «ቀምሼ ነዋ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትቀምሺው?»

የማውቅ መስሏት ነበር፤ ወይም የማላውቅ መሆኔን ረስታው ነበር። ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አድርጋ የቀረውን ትጠርጋለች።

«ውይ፣ እሱማ ቆየ እኮ። ሦስተኛ ክፍል ሳለሽ ነው። ጠዋት ሻይ ስጠጣ ስኳሩ ድንገት መጣልኝ። ልነግርሽ አልጋሽ ድረስ መጥቼ ነበር» አለች። «ተኝተሽ ነበር፤ አልቀሰቀስኩሽም።»